የስለቱ ሰንሰለት

ጥቅምት 14፣ ጠዋት

ዛሬም ሻይዋን በቁሟ ጨልጣ ወጣች። ቢጫ ሰደርያ በትከሻ፣ ሄልሜት በብብት፣ ቻው አባባ፣ በሩ ድው። የፋብሪካው ሰርቪስ ከዳገቱ ሥር ጥሩምባውን ይነፋል። ቡራዩ ገና ዓይኗን እያሸች ነው፤ የልጅ ልጄ ሰላም ግን ሰበታ ለመድረስ ትሮጣለች።

ስማ ደብተሬ። ጀርባህ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ አለብህ። የሰላም የድሮ የትምህርት ቤት ደብተር ነህ፤ ስለዚህ እሷን ሳማልህ እንዳታዳላ።

ቅሬታዬ እነሆ። ልጅቷ የእኔን ሙያ ያዘች። ሸክም ማሰር፣ ማንሳት፣ የማንሻውን ዕቃ መመርመር። ዕድሜዬን ሙሉ ክሬን ሥር ያሳለፍኩ አያቷ፣ እኔ ተካ፣ እዚሁ ሶፋው ላይ ተጎልቼ እያለሁ፣ ማን አስተማራት? ኦ.ቱ.።

ስሙን ሙሉ አልጽፍለትም። ቀለም ማባከን ነው። የሱሉልታ ሰው። የድሮ የሥራ ጓደኛዬ፤ አንድ ክሬን ሥር ያረጀን። እሱን ፋብሪካው ከጡረታ መልሶ ቀጠረው፤ ዕቃ መርማሪ አደረገው። እኔን የመለሰኝ የለም። እሱ ጉልበቱን አያመውም። ጥርሱም የራሱ ነው። ምን እየበላ እንደሆነ እግ/ር ይወቅ።

እራት ላይ ወሬዋ ሁሉ እሱ ነው። ኦ.ቱ. እንዲህ አሉ፤ ኦ.ቱ. እንዲህ አሳዩኝ። ባለቤቴ ዘነበች ደግሞ ትቀበላታለች፤ ሰውዬው እንዴት ያለ ጨዋ ነው እያለች። ሳህኑን ገፋ አደረግሁት። ጨው በዝቶበታል አልኩ።

አልበዛበትም ነበር።


ጥቅምት 16፣ ከሰዓት

ደስ ብሎኛል። ጻፈው።

ለደብራችን አዲስ ደወል መጣ። አይሱዙ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በእልልታ። ትልቅ ነው፤ ሁለት ሰንጋ አንድ ላይ ቢተኙ ያክላል። ከኅዳሩ ንግሥ በፊት አዲሱ የብረት ደወል ቤት ላይ መሰቀል አለበት። ክሬኑ በኪራይ ከገላን ይመጣል።

ኮሚቴው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። እኔም ዛፉን ተደግፌ፣ የማላዳምጥ መስዬ አዳመጥኩ። ሊቀ መንበሩ ሽፈራው፣ ያ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጠው፣ ተነስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? ደወሉ የሚነሳው በጋሽ ተካ የስለት ሰንሰለት ይሁን። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ኃይሌም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ዛፉን መደገፌን ተውኩ።

አንተ አታውቀውም፤ ልንገርህ። በጉልበቴ ዘመን የድልድይ ብረት እያነሳን ነው። ሁለት እግር ባለው ሰንሰለት፣ አንዱ እግር ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ። አንደኛው መንጠቆ ሾለከ። ብረቱ ተንጋዶ ወረደ። ከጭንቅላቴ አንድ ክንድ ሲቀረው ሌላኛው እግር ብቻውን ግጥም አድርጎ ያዘው። ያ ድምፅ ዛሬም ድዴ ውስጥ አለ። እዚያው ቆሜ ተሳልኩ። ያዳነኝን እግር ለደብሩ ሰጠሁ። ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ንግሥ በመጣ ቁጥር ሴቶች እየዳሰሱ ይሳለሙታል። የሾለከውን እግር ግን ቤት አስቀረሁት፤ የግቢዬን በር እቆልፍበታለሁ። ቅጣቱ ነው። እስኪዝግ ድረስ ፍየል ይጠብቅ።

ደወሉ በእኔ ሰንሰለት ይነሳል። ኦ.ቱ. ይህን በሰማ።


ጥቅምት 17፣ ማታ እራት ላይ የሆነ

ሰማ። ሰላም ነገረችው።

ያልተመረመረ ዕቃ ሸክም አያነሳም ብላ ኮሚቴውን አሳመነች። ክሬኑን በእጅ ምልክት የምትመራው እሷ ናት፤ ቀድማ ቃል ገብታለች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንሰለቱን ልታይ ነው። ብቻዋን አይደለም። ከማን ጋር? አትጠይቀኝ።

ዘነበች ወዲያው ዶሮ ይታረድ አለች። ለልደቴ እንቁላል ነበር የጠበሰችልኝ። ምናልባት የዚያው ዶሮ ይሆናል።


ጥቅምት 20፣ እሁድ

መጣ። ነጭ ጋቢ፣ የተወለወለ ጫማ። ያ ሁሉ የቡራዩ ጭቃ እሱ ላይ ሲደርስ ያፍራል መሰለኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ጃርሳ» አለኝ፤ እንዴት አደርክ ሽማግሌው ማለቱ ነው።

«ናጋ። ጃርሳውስ አንተ ነህ። እኔ ትንሽ የደከምኩ ጎረምሳ ነኝ።»

ሳቀ። በገዛ ጥርሱ።

ሰንሰለቱ ወረደ። ሰላም ንጹሕ ሸራ ዘርግታ አጋደመችው። በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ይዛ ቀለበት በቀለበት ጠረገችው። እያንዳንዱን በጣቷ ታዞራለች፣ ታጥፋለች፣ ወደ ፀሐይ ታነሳለች። ኦ.ቱ. እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሏል። ብቻ ያያታል። እሷ ደግሞ አልፎ አልፎ ቀና ብላ ዓይኑን ታያለች፤ ልክ ነኝ? ለማለት። እሱ ቅንድቡን ያነሳል። በቅንድብ ይነጋገራሉ። እኔ ቅንድብ የለኝም?

የመንጠቆው ምላስ፣ ሸክሙ እንዳይሾልክ የሚዘጋው፣ የለም አለች። ይኸኛው ቀለበት አይታጠፍም። እነዚህ ሁለቱ የሚነካኩበት ጋ ተበልተዋል። ምን ያህል ክብደት እንደሚያነሳ የሚናገር ታፔላም የለውም።

ሰው አንስቷል አልኳት፤ እኔን። ሕዝቡ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ኦ.ቱ. አፉን ከፈተ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚያረዳ። ተለጥጧል አለ። ዓይን ባያየውም ተለጥጧል። እንዲህ ያለ ሰንሰለት አያስጠነቅቅም፤ ሲበጠስ ነው የሚናገረው። እናም መቆረጥ አለበት፤ ካልተቆረጠ አንድ ቀን አንድ የቸገረው ሰው አውርዶ ያስርበታል።

መምሬ ኃይሌ ጢማቸውን ያዙ። ለፋብሪካ እንዲያ ይሆናል አሉ፤ ይኼ ግን ስለት ነው። በሰጪው ቃል ካልሆነ ስለት ላይ ብረት አይነሳም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሰላምም። ኦ.ቱ.ም።

«አይቆረጥም» አልኩ።

ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ኦ.ቱ. ያለ አንዳች ክርክር ከኪሱ ቀይ ጨርቅ አውጥቶ አይነሳበትም ለማለት አሰረበት። መልሰው ሰቀሉት። ቋጠሮው እንኳ ያምራል፣ የተረገመ።

ቤት ሄድን። ዘነበች ወጡን አወጣች። ደብተሬ፣ ያዝ ራስህን። ፈረሰኛውን ለእሱ ሰጠችው። የቤቱ አባወራ ክንፍ ደረሰው።


ጥቅምት 21፣ ጠዋት

አላናገርኩም። ማንንም። ድመቷን እንኳ።

ከቀኑ 10፡00። ሰላም ቀድማ ገባች። ከጎኔ ተቀመጠች። ተቆጡኝ ወይ አለች። እኔ ምን ቁጣ አለኝ አልኩ። በመጨረሻ አልቻልኩም፤ ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም አልኳት፤ ሙያው ቤትሽ ውስጥ እያለ።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ አባባ። የሽቦ ገመድ መቼ ነው የሚጣለው ብዬ። ሚስቱ ስትሰለቸው አሉኝ።»

አስቂኝ ነበር። አሁንም አስቂኝ ነው።

«ሌላም ቀን ጠየቅሁ። ሁለቱ እግር በጣም ሲራራቅ ለምን ጭነቱ ይከብዳል አልኩዎት። ስለ አንድ ሰካራምና ስለ ሁለት ሚስቶቹ ነገሩኝ። ሳቅሁ። ኦ.ቱ. ግን ጋቢያቸውን አውልቀው ባልዲ አሰሩበት። አንዱን ጫፍ እኔን፣ አንዱን እሳቸው ያዙ። ራቅ በይ አሉኝ። እየራቅሁ ስሄድ ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ። ያኔ ገባኝ።»

እንግዲህ ምን ትላለህ። እኔ ጋቢ የለኝም? ባልዲ የለኝም?


ጥቅምት 22

አንድ ነገር ትዝ አለኝና ተንጨረጨርኩ። የሽቦ ገመድ ሲመረመር በባዶ እጅ አይዳሰስም፤ ጨርቅ ይሳብበታል። የተበጠሰች ሽቦ ካለች ጨርቁን ነክሳ ትይዘዋለች፤ መዳፍህን ሳይሆን። ይህን ዘዴ ክሬኑ ሥር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአሮጌ ነጠላ ቀዳጄ። አሁን ሰላም ጨርቅ በኪሷ ይዛ ትሄዳለች፤ የኦ.ቱ. ትምህርት እየተባለ። ሌባ አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

ዘነበች ሽንኩርቷን እየከተፈች ነበር። ማን ነው ሌባው አለች። ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

ሰውዬው ሰበታ ውስጥ ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ ጨርቁን ሲሰጥ ምን እንደሚል አታውቅም አለችኝ። ይህን ያስተማረኝ ተካ የሚባል የቡራዩ ሰው ነው ይላል። ሰላም ነግራታለች። ለእኔ ያልነገሩኝ እንዳልታበይ ነው።

ወጣሁ። በሩ ላይ ቆምኩ። ገፈርሳ በኩል ባሕር ዛፉ ይወዛወዛል።

በደግነትም ቀደመኝ። ከዚህ በላይ ምን ግፍ አለ?


ጥቅምት 24፣ ከሰዓት

ዛሬ ላሸንፈው ወጣሁ። የጻፍኩትን ለማንም እንዳታሳይ።

ነገሩ ቀላል ነው። ሁለቱ የሰንሰለት እግሮች መንትያ ናቸው። ከአንድ ጥቅልል የተቆረጡ፣ አንድ ቁመት። ሲቆረጡ እኔው ለክቻለሁ። ስለዚህ የግቢ በሩን ሰንሰለት ፈትቼ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ለዕቃ ቤት ጠባቂው የስለቱን ሰንሰለት ዘይት ልቀባው ነው አልኩት። ከፈተልኝ።

ሁለቱንም አንድ ችንካር ላይ ሰቀልኳቸው። ጎን ለጎን። እኩል ይሆናሉ፣ ሰላምን እጠራለሁ፣ ኦ.ቱ. ቀይ ጨርቁን በገዛ እጁ ይፈታል። እንዲያ ነበር ሐሳቤ።

እኩል አይደሉም።

የስለቱ በአራት ጣት ይረዝማል። ችንካሩን አየሁ። አራግፌ መልሼ ሰቀልኩ። መነጽሬን ጠረግሁ። አራት ጣት።

የበሩ ሰንሰለት የሾለከው ነው፤ ያን ቀን ምንም አልያዘም፤ ቁመቱ እንደተፈጠረ ነው። ያኛው ያ ሁሉ ብረት በአንድ ጊዜ ዱብ አለበት። እኔን ሲያድን ነው የተለጠጠው። እኔን ሲያድን ነው ያለቀው። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚሳለመው ያለቀ ሰንሰለት ነው።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ጠባቂው ዘይቱስ አለኝ። ረሳሁት አልኩ።

ኦ.ቱ. ልክ ነበር። ለካ ልክ መሆኑ አይደለም ያቃጠለኝ። ያለ ችንካር፣ ያለ መንትያ፣ ዓይቶ ብቻ ማወቁ ነው።

አልናገርም። ለማን? ለእሱ? አይሆንም።

12፡00። ሁለቱንም እዚያው ረስቻቸው መጣሁ። የግቢው በር ሳይቆለፍ ውሎ የጎረቤት ፍየል ገብታ የዘነበችን ጎመን ጨርሳለች። ዘነበች ሰንሰለቱ የት ሄደ ትላለች። ጸሎት ላይ ነው አልኳት።


ጥቅምት 26

ሽፈራው መንገድ ላይ ያዘኝ። ጋሽ ተካ ሲለኝ አፉ ማር ነው። ሕዝቡ ደወሉ በእርስዎ ሰንሰለት እንዲነሳ ይፈልጋል አለ። በረከት ነው። የክሬኑ ሰዎች የራሳቸውን ማንሻ ይዘው ይመጣሉ ተብሏል፤ ግን እርስዎ አንድ ቃል ቢሉ ቀይ ጨርቁ ይፈታል። ልጅቷ ናት እንጂ፤ ትንሽ ተምራ ብዙ ትፈራለች።

ስለ ሰላም ነው የሚያወራው። መልስ መስጠት ነበረብኝ። ሳቅሁ። ጎበዝ ሰው ሲያቆላምጥህ አፍህ በራሱ ይስቃል።

አራቱን ጣት አልነገርኩትም። እራት አልበላሁም። ዘነበች አሁንስ ጨዉ ምን ሆነ አለችኝ። ምንም አልሆነም።


ጥቅምት 29፣ ክሬኑ የመጣ ዕለት። ከሰዓት በኋላ።

ከገላን ሲመጣ የጭነት መኪና ዘግቶበት ረፋድ ላይ ደረሰ። ግቢው ጢም ብሏል። ጥላ ይዘው፣ ልጅ አዝለው። ኦ.ቱ. ቀድሞ ተገኝቷል። ሰላም ሕዝቡን ወደ ኋላ በሉ ትላለች፤ የሚሰማት የለም። አንዳንዱ ጭራሽ ደወሉን ተደግፏል።

የክሬኑ ሾፌር ማንሻዎቹን አወጣ። ሁለት ቺንጋ፤ ያ ሰፊ የጨርቅ ማንሻ ቀበቶ። ሰላም ዘርግታ በመዳፏ ሄደችበት። አንደኛው ጠርዙ ላይ ተቆርጧል። ስፌቱም ተፈቷል። አይሆንም አለች። ሾፌሩ ትናንት አንስቶበታል አለ። ትናንት ስላነሳ ነው አለችው። ሌላ አለህ? ገላን። ሄዶ ለመምጣት ቀኑ ያልቃል፤ ነገ ደግሞ ክሬኑ ሰንዳፋ ቀጠሮ አለው።

ጉርምርምታ።

ሽፈራው ዕቃ ቤት ገባ። ሲወጣ የስለቱ ሰንሰለት ትከሻው ላይ ነው። ቀይ ጨርቁን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። እልልታ ተነሳ።

ሰላም ደወሉ ጎን ቆመች። እጇን አጣጠፈች። ምልክት የምሰጠው እኔ ነኝ አለች፤ በዚህ ሰንሰለት እጄ አይነሳም።

«አንቺ ልጅ» አላት ሽፈራው፤ «ሰው ያዳነ ሰንሰለት ደወል ያቅተዋል?»

ከኋላ የአንዲት ሴት ድምፅ፤ እምነት የላትም ስትል።

ያቺ ቃል ገባችባት። አገጯን አየሁት፤ ተጨማድዷል። ትንሽ ሆና አሻንጉሊቷን ስደብቅባት እንዲያ ነበር የሚያደርጋት። ደብተሬ፣ ያኔ ወደ ማን አየች መሰለህ? ወደ ኦ.ቱ. አይደለም። እሱ አጠገቧ ነው ያለው፤ አንገቷን እንኳ ማዞር አይጠበቅባትም። እሷ ግን ያን ሁሉ ሰው አልፋ እኔን ፈልጋ አገኘችኝ።

ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። ሁሉም የእኔን ቃል ይጠብቃል። ኦ.ቱ. አንገቱን ደፍቷል። አንድ ቃል ብል ደወሉ በእኔ ሰንሰለት ይነሳል።

እሷ ደግሞ ከሥሩ ትቆማለች። ወይም እጄን አላነሳም ብላ ተሰድባ ትባረራለች።

ዱላዬን እየጎተትኩ ወደ መሃል ገባሁ። ጠባቂውን፣ እዚያ ችንካር ላይ የቀረውን ሌላውን አምጣ አልኩት። ሁለቱንም ደወል ቤቱ ምሰሶ ላይ፣ ከአንድ ብሎን ሰቀልኳቸው።

«ይኸውላችሁ» አልኩ፤ «መንትዮች ናቸው። ይኼ አጭሩ የእኔ በር ጠባቂ ነው። ያን ቀን ሾለከ፤ አልሠራም፤ ስለዚህ እንዳማረበት አለ። እንደ ሽፈራው። ይኼ ረጅሙ እኔን ያዳነው ነው። አራት ጣት የረዘመው አድጎ አይደለም። ወገቡ ተቆርጦ ነው። እኔ ወገቤን ሲያመኝ ጡረታ አወጡኝ። እሱ ምን አድርጓችሁ ነው ደወል የምታሸክሙት?»

ሳቁ። ሽፈራው ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀረብ ብለው አዩ። አንዷ ሴት በጣቷ ለካች። ሌላዋም። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ደወሉን የተደገፈው ሰውዬ ተነስቶ ራቅ አለ።

መምሬ ኃይሌ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ። በፈቃድህ ነው? በፈቃዴ ነው። ይቆረጥ።

ብረት የሚቆርጠው ግራይንደር ከሽፈራው ሱቅ መጣ። ሰላም የሥራ መነጽሯን አወለቀችና ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ። ሰንሰለቱ እንዳይዘል የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ኦ.ቱ. ጋቢውን አውልቆ ሰንሰለቱን በእንጨት ረግጦ ያዘው፤ እኔ ቆረጥኩ። ቀለበት በቀለበት። ብልጭታው ሱሪውን በላው። የተወለወለውን ጫማ ደግሞ ነጠብጣብ አደረገው። አላዝንም።

ሲበርድ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለምን ዝም አልክ አልኩት፤ አጠገቧ ቆመህ።

እኔ ብናገር ቀንቶ ነው ይሉ ነበር አለ።

ሳቅሁበት። አንተ? በእኔ? በምኔ? በጉልበቴ?

ብልጭታ የበሳውን ሱሪውን እያየ መለሰልኝ። «እኔ ሰው ወልዶ ያሳደጋትን ልጅ አስተምራለሁ። ሲመሽ ሰርቪሱ ላይ አሳፍራትና ሱሉልታ፣ ባዶ ቤቴ እገባለሁ። እሷ የምትገባው ያንተ ቤት ነው፣ ተካ።»

ጋቢውን አራግፌ ትከሻው ላይ ደረብኩለት።


ጥቅምት 30

ደወሉ መሬት ላይ ነው፤ ሸራ ለብሷል። ክሬኑ ባዶውን ሄደ። መንደሩ እኔን ያማል፤ እንዴት ደስ ይላል፣ ከረሱኝ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል። ቁርጥራጮቹን መምሬ ኃይሌ ከደወል ቤቱ መሠረት ጋር በሲሚንቶ አስቀበሯቸው። ስለቱ ከደብሩ አልወጣም፤ ማንም ግን አያስርበትም። ጥሩ ነው። እኔም ስሞት እንዲያ ብታደርጉኝ አልከፋም አልኳቸው። ተቆጡኝ።

ሰላም ዛሬ ጠዋት ሻይዋን ተቀምጣ ጠጣች። ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፋ። ጠጥታ ነው የሄደችው።

ዘነበች ለኦቦው አዲስ ሱሪ ይገዛለት አለች። የእኔ ሱሪ የተቀደደ ከባለፈው ፋሲካ ጀምሮ ነው። ጻፈው።


ኅዳር 5፣ ጠዋት 1፡00

ዛሬ ክሬኑ ተመልሶ ይመጣል። አዲስ ማንሻ ይዞ፣ ታፔላው እላዩ ላይ። ሰላም ትናንት ገላን ድረስ ሄዳ አይታዋለች።

ሥራ ተከፋፍለናል። ምልክት የምትሰጠው እሷ ብቻ። መጀመሪያ አንድ ስንዝር ብቻ ተነስቶ ይቆማል፤ ታይቶ ነው የሚቀጥለው። አስሮ የሚያየው ኦቦ ቱሉ ነው። እንግዲህ ጻፍኩት፣ ሙሉውን፤ ቀለሙ ተረፈኝ። የእኔ ሥራ ምንድነው? ሰው ከሸክም ሥር እንዳይቆም ማባረር። ሰላም ሥራውን ስትሰጠኝ እንዲህ አለች፤ ሰውን ሳያስቀይም የሚሰድብ ከእርስዎ በላይ ማን አለ። ቱሉ ደግሞ፣ ከሸክም ሥር መቆም ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፊሽካው ግን ለእሱ ተሰጠ። ፊሽካ ለሱሉልታ ሰው ምን ያደርግለታል? አሁንም ያንገበግበኛል፤ ዋሽቼ አልጽፍልህም።

ቢጫ ሰደርያ ለብሻለሁ። ሆዴ ላይ አይዘጋም።

አንድ ነገር ወስኛለሁ። የበሩን ሰንሰለት ከደብሩ መልሼ አምጥቼዋለሁ። ሾልኮ ነው የዳነው እያልኩ ስንት ዓመት አምኜዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን አጥቤ አላየሁትም። ማታ ሸራ ላይ አጋድመዋለሁ። ጋቢዬን አወልቃለሁ። ሰላምን፣ እስኪ አሳይኝ እላታለሁ። ስታሳየኝ ስለ ሰካራሙ አላወራም። ስለ ሚስቶቹም። ይቁረጡት ካለች እቆርጠዋለሁ። በሩን በገመድ እናስረዋለን፤ ፍየሏ የምትበላው ጎመን እንደሆነ አልቋል።

ሁለቱም ወጡ። ሰላም ግቢው ውስጥ ናት፤ ሄልሜቷን አጥብቃለች። ቱሉ ደግሞ በሩ ላይ፣ በአዲሱ ሱሪው። አባባ፣ እንሂድ እያለች ነው። እሱ እዚያው አጠገቧ ቆሟል፣ ደብተሬ፤ የጠራችው ግን እኔን ነው።